አፍ የሚዘጋው መስኮት

ባለቤቴን የሥራ ባልደረቦቹ «ሄዷል» ነው የሚሉት። ስሙ አይደለም፤ ግን እኔም ከለመድኩት ቆየሁ። ወሬ ትጀምሩለታላችሁ፤ እሱም ዓይን ዓይናችሁን እያየ፣ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማችኋል። መሐል ላይ ልቡ ብድግ ብሎ ይወጣል። ሰውየው ወንበሩ ላይ አለ፣ ሻዩም እጁ ላይ አለ፣ እሱ ግን የለም። ያኔ ከቢሮው አንዱ «ሄዷል» ይላል፣ ሌላው «መቼ ይመለሳል?» ብሎ ይጠይቃል፣ ይሳሳቃሉ። ከዚያ ድንገት ይባንንና ማንም ላልጠየቀው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። እኔ ፀጉር ቤት ነው ያለኝ፤ ቀኑን ሙሉ ከወሬ ጋር ነው የምውለው። «አንቺን የመሰለች ወሬኛ እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት አገባሽው?» ይሉኛል ደንበኞቼ። ምን ላድርግ፣ ስናገር የማያቋርጠኝ ሰው እሱ ብቻ ነበራ!

ሥራው ምንድነው ካላችሁኝ፣ መናገር ለማይችሉ ሰዎች የሚናገር ፕሮግራም የሚሠራ አንድ ትንሽ ድርጅት አለ። ሰውየው ታብሌቱ ላይ ይጽፋል፣ ታብሌቱ ጮክ ብሎ ይናገርለታል። የእኔ ጉድ ግን የሚናገረውን ክፍል አይደለም የሚሠራው፤ ማስተካከያውን ነው። ድምፁ ወፍራም ይሁን ቀጭን፣ ይፍጠን ይዘግይ፣ ፊደሉ ይተልቅ ይነስ፣ ይህን ሁሉ የምትቀያይሩበት መስኮት አለ አይደል? ስልካችሁ ላይ አንድ ነገር ልትለውጡ ገብታችሁ፣ ምን ልትለውጡ እንደገባችሁ ረስታችሁ የምትወጡበት? እሱን ነው። ያንን መስኮት ሲሠራና ሲያፈርስ ነው ዕድሜውን የገፋው።

እንዴት እዚህ ሥራ ላይ እንደ ወደቀ ሲነግረኝ ሁልጊዜ ከልጅነቱ ነው የሚጀምረው። እናቱ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ የጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። ትምህርት በማይኖርበት ቀን ይዘውት ይሄዱና «እዚህ ቁጭ በል» ብለው ደረጃ ላይ ያስቀምጡታል፤ እሱ ግን መች ቁጭ ይላል። ኮሪደሩ ረጅም ነው፣ ወለሉ ገና ተወልውሎ ያበራል፣ ግራና ቀኙ በር ብቻ ነው። እያንዳንዱ በር ላይ ጽሑፍ አለ፤ እሱ ግን ማንበብ ገና አልቻለም። ስለዚህ ከበሩ ጀርባ ያለውን ለራሱ ይፈጥራል። እዚህ ውስጥ ባሕር አለ፤ እዚህ ውስጥ ዓመት ሙሉ የተኛ ሰው አለ፤ እዚህኛው ውስጥ ሌላ ኮሪደር አለ፣ እዚያ ኮሪደር ውስጥ ደግሞ ሌሎች በሮች። እናቱ ፈልገው ሲያገኙት አንዱ በር ሥር እንቅልፍ ጥሎት ነው። ይህን ሲያወራ ድምፁ ይለሰልሳል። እኔም የሰው ፀጉር እየጠቀለልኩ ስሰማው፣ እዚያ ኮሪደር ውስጥ በባዶ እግሬ ቀስ ብዬ የምሄድ ይመስለኛል፤ የሳሙናው ሽታ ሁሉ ይሸተኛል። ከዚያ የማድረቂያው ሙቀት ጣቴን ሲያቃጥለኝ እነቃለሁ።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። ፕሮግራሙ ውስጥ የሚስተካከለው ነገር በዛና መስኮቱ አላፈናፍን አላቸው። ድምፅ ውስጥ ንግግር አለ፣ ንግግር ውስጥ አነባበብ አለ፣ አነባበብ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ይህን ሁሉ ለሰው እንዴት አድርጎ ማሳየት ይሻላል? በዚህ ጉዳይ ሦስቱ ተፋጠጡ፤ አለቃቸው፣ ሰዓሊዋ እና የእኔው።

አለቃቸው ዛፍ ይላል። በመስኮቱ ግራ በኩል ግንድና ቅርንጫፍ ይኖራል፤ ቅርንጫፉን ስትነኩት ተከፍቶ ትንንሽ ቅርንጫፎች ያወጣል፤ የነካችሁት ነገር ማስተካከያ በቀኝ በኩል ይመጣል። «ሁሉንም ባንዴ ታያለህ፣ የት እንዳለህም አይጠፋህም» ባይ ነው። ባለቤቴ ደግሞ «ልክ ነው፣ ግን ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ በወጣ ቁጥር ጽሑፉ ወደ ቀኝ እየሸሸ ይጠባል፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ያቺን ሚጢጢ መክፈቻ እንዴት አድርጎ ይነካታል?» ይለዋል።

ሰዓሊዋ ሥዕሉንና ቀለሙን የምትሠራላቸው ልጅ ናት፤ ምላሷ ምላጭ። እሷ ጆሮ ትላለች። የፋይል ማቀፊያ ላይ ከላይ ብቅ ብቅ የሚሉ ጆሮዎች አሉ አይደል? እንደዚያ ተደርድረው፣ አንዱን ስትነኩት የሱ ገጽ ከፊት ይመጣል። እውነት ለመናገር ያምራል። ጆሮው ሲበዛ ግን ሁለት ረድፍ ይሆንና፣ የኋላውን ስትነኩት ወደ ፊት ይዘላል፣ የፊቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ አሁን ያያችሁት የት እንደ ገባ ትፈልጋላችሁ። ባለቤቴ «ይሄ ድብብቆሽ ነው» ብሎ ሲተርባት «አንተ ባለ ኮሪደሩ፣ ዝም በል!» አለችው።

ባለ ኮሪደሩ እሱ ነዋ። የሱ ሐሳብ ገጽ በገጽ መግባት ነው፤ እስከ ዛሬ በሰው እጅ ያለውም እሱ የሠራው ይሄው ነው። መጀመሪያ ጥቂት ትልልቅ ስሞች ብቻ ይታያሉ፤ አንዱን ስትነኩት ሌላ ገጽ ይከፈታል፣ እዚያም ጥቂት ስሞች፣ ከዚያም ሌላ ገጽ። መመለሻዋ አንዲት ቀስት ናት። ለጣት አይጠብም፣ ለዓይን አይበዛም። አለቃው ግን «አራተኛው ክፍል ስትደርስ የገባህበትን በር ታስታውሳለህ?» ይለዋል፤ እሱ ግን ያኔ ልቡ ይሄዳል። ሦስቱም የተስማሙበት ነገር ቢኖር ከላይ የመፈለጊያ ሳጥን ይኑር የሚለው ብቻ ነው፤ የምትፈልጉትን ትጽፋላችሁ፣ ያመጣላችኋል።

ይህን ሁሉ የማውቀው ከሰዓት በኋላ ፀጉር ቤቴ እየመጣ፣ የቀለም ካርቶን ቀድዶ ጀርባው ላይ እየሣለ ስለሚያወራኝ ነው። ማድረቂያው ያጓራል፣ ደንበኛዬ ታንቀላፋለች፣ መስታወቱ በእንፋሎት ይሸፈናል፣ እሱ በሮቹን ይሥላል። አንዲት ደንበኛዬ በእንቅልፍ ልቧ «ዛፉ ይሻላል» ብላ ስትናገር በሳቅ ፈረስን። እሱ ግን አኮረፈ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ካርቶን አልቀደደም።

እንግዲህ በዚህ መሐል ነው እናቴ ጉሮሮዋን የታመመችው። ሐኪሞቹ ነፍሷን አተረፉልን፣ ድምፅዋን ግን ወሰዱት። እናቴን ብታውቋት ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባችሁ ነበር። ልብስ ሰፊ ናት። ስፌት መኪናው እየጮኸ እሷ ከመኪናው በላይ ነበር የምታወራው፤ አላፊ አግዳሚውን በመስኮት ጠርታ የምትተርብ ሴት ናት። መንገድ ዳር ባለች ሁለት ክፍል ቤቷ ብቻዋን ትኖር ነበር። እስክታገግም ብለን ወደ እኛ አመጣናት። ቁስሉ ዳነ፣ ምግብ በላች፣ ደረጃ መውጣት ጀመረች። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ በእስክሪብቶ የጻፈችው አይነበብም፤ ስለዚህ ባለቤቴ የድርጅቱን ፕሮግራም የጫነ ታብሌት ሰጣት። በአንድ ጣቷ፣ ፊደል በፊደል፣ ቀስ ብላ ትጽፋለች።

ታብሌቱ ደግሞ አንድ ቃል በጨረሰች ቁጥር ወዲያው ያነበዋል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ቃል ትጽፋለች፣ ይነበባል፣ ከዚያ ቀጣዩን ፊደል ስትፈልግ ሰው ሁሉ የቀረውን ይሞላላታል። «ውሃ» ሲል «ላምጣልሽ?» ትላለች አንዷ፤ እናቴ ግን ውሃው ፈሷል ልትል ነው። ቀልድ ስትጀምር መጨረሻውን ቀድመው ይስቁላታል፤ ያውም የሷ መጨረሻ ባልሆነው። እናቴ ያኔ የጻፈችውን ትደመስስና ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። አንጀቴን የሚበላኝ ይሄ ነበር።

ከሁሉ የባሰው ታላቅ ወንድሜ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለእናቱ ነፍሱን ይሰጣል። ግን ችኩል ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ከጉዞ ወደ ጉዞ ሲያልፍ ሳይነግረን ይመጣል፣ ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ቆሞ ያወራል፣ ሳይቀመጥ ይሄዳል። እሱ የእናቴን ቤት ለተከራይ ሊሰጥ ቆርጧል። «ሰው ያልገባበት ቤት ይፈርሳል፤ እሷ ደግሞ ካሁን በኋላ ብቻዋን አትኖርም» ይላል። እናቴ ግን ወደ ቤቷ መመለስ ነው የምትፈልገው። ለእኔ ጽፋ ነግራኛለች፤ ማታ ማታ የስፌት መኪናዋ እንደሚናፍቃት ሁሉ ነግራኛለች። ለወንድሜ ነገርኩት። «አንቺ ነሽ የምትይው! ሸክም ሆነችብሽ? ከራሷ ልስማ» አለኝ። ደሜ ፈላ፤ እዚያው ላንቀው ምንም አልቀረኝም። እሷም እንዳልናገርላት ከለከለችኝ። «እኔ ራሴ ነው የምነግረው» ብላ ጻፈች።

ወንድሜ ሊናገር እንጂ ሊሰማ መቼ ይቆማል? እሱ ሲመጣ ታብሌቱን ትይዛለች። «ልጄ» ይላል ታብሌቱ። «አቤት እማዬ!» ይላል። ትፈልጋለች፣ ትነካለች፣ «ቤቴን» ይላል። «ቤትሽን አታስቢ! ቆልፌዋለሁ፣ ጣሪያውን አሳድሼዋለሁ፣ ደህና ተከራይ ተገኝቷል» ይላል፣ ግንባሯን ይስማል፣ ይወጣል። በሩ ከተዘጋ በኋላ ታብሌቱ ባዶ ክፍል ውስጥ የቀረውን ይናገራል። እሱ እየደጋገመ መጣ፣ እሷም እየደጋገመች ሞከረች፤ ከ«ቤቴን» ግን አላለፈችም። ተከራዩ የሚገባበት ቀን ተቆረጠ፤ ሰኞ።

እኔ ባለቤቴን ያዝኩት። «ይሄ ማሽንህ ጽፋ እስክትጨርስ ዝም አይልም?»

«ይላል እንጂ» አለኝ ከሄደበት ተመልሶ። «ማስተካከያው ውስጥ አለ።»

«እና ምን ትጠብቃለህ?»

አስተካከለው። በማግስቱ ክሊኒኩ ደወለ፤ እናቴ እስክትጽፍ ስልኩ ዝም ሲልባቸው ዘጉት። አትክልት ሻጩም ዝም ብላ የቆመች መሰለውና ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። ተናድዳ መጣችና «መልሰው» አለች። ነገሩ ለካ አንድ ጊዜ ተስተካክሎ የሚተው አይደለም። አንዳንዴ ቃል በቃል፣ አንዳንዴ ሲያልቅ፤ ሰው ፊቷ እንደቆመ ራሷ መቀያየር አለባት። ማስተካከያው ግን አራተኛው ክፍል ውስጥ ነው ያለው፤ እዚያ እስክትደርስ ወንድሜ ሌላ ከተማ ይደርሳል።

ባለቤቴ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም አሠራር ይዞ መጣ። ቢሮው ፈቅዶለታል፤ ዛፉን፣ ጆሮውንና ኮሪደሩን በእናቴ ሊሞክር ነው፤ ያሸነፈው ለሁሉም ሰው ይላካል። ውጭ ዝናብ ነው፤ ቀጭን፣ የማያቆም። ክፍሉ ግራጫ ሆኗል፣ የመስኮቱ ውሃ ጥላ ግድግዳው ላይ ይወርዳል፣ እናቴ ብርድ ልብሷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሶፋው ላይ ናት። እኔ ፀጉር ቤቱን ዘግቼ በሩ ሥር ቁጭ ብያለሁ። ቤቱ ሁሉ የሚያንቀላፋ ይመስል ነበር።

«እማማ፣ ጽፈው እስኪጨርሱ እንዳይናገር ያድርጉት» አላት። «የት እንዳለ አልነግርዎትም።»

ዛፉን ከፈተች። ጣቷ ቅርንጫፉን ልትነካ ትሄዳለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ጎኑ ያለውን ትነካለች። ጆሮዎቹን ከፈተች፤ አንዱን ስትነካ ሌላው ሲዘል ዓይኗን አፍጥጣ አየችው፣ ታብሌቱንም ገልብጣ ጀርባውን አየች። ኮሪደሩ ውስጥ ገባች፤ ባለቤቴ ትንፋሹን ያዘ። አንድ ክፍል፣ ሁለት ክፍል፣ ሦስት። ቆመች። ተመለሰች። ሌላ በር ገባች። እሱ ከሷ ጋር እየገባ እየወጣ ይመስለኛል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። በመጨረሻ ወደ መፈለጊያው ሳጥን ሄደችና ጻፈች። ተነሥቼ አየሁት። «ዝም በል» ነው የሚለው። ምንም አልተገኘም። እነሱ ያወጡለት ስም «የንባብ ማዘግያ» ነው፤ ማን ይገምተዋል በእናታችሁ!

በነሱ ሙያ አንድ ደንብ አለ። የሚሞክረው ሰው የሚያስበውን ጮክ ብሎ እየተናገረ ነው የሚሞክረው፤ እነሱ አጠገቡ ሆነው ይጽፋሉ። ባለቤቴም እንደለመደው እስክሪብቶውን አዘጋጀና፣ «እማማ፣ ምን እያሰቡ ነው? እያሰቡ ይንገሩኝ እንጂ» አላት።

እናቴ ቀና ብላ አየችው። ጣቷ ወደ መጻፊያው ሄደች፤ የሚነበብላት መጻፊያ ግን የለም፤ የማስተካከያው መስኮት ሸፍኖታል። ወደ ጉሮሮዋ ጠቆመች። ወደ መስኮቱ ጠቆመች። እሱ አሁንም እስክሪብቶውን እንደያዘ ይጠብቃታል። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የምታለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቀች ነው፤ ድምፅ የሌለው ሳቅ፣ እንባዋ እስኪወርድ። መስኮቱን ዘጋችውና ቃል በቃል ጻፈችለት፦

«ይሄን። ስከፍት። አፌ። ይዘጋል።»

የባለቤቴ እስክሪብቶ ከእጁ ወደቀ። ዛፍም ይሁን፣ ጆሮም ይሁን፣ ኮሪደርም ይሁን፣ ሦስቱም መስኮት ሙሉውን ስክሪን ነው የሚይዘው። ሰውየው ድምፁን ሊያስተካክል ገባ ማለት፣ እስኪወጣ ድረስ ዲዳ ነው ማለት ነው። ያን ሁሉ ዘመን ሲሠሩት፣ ሲያፈርሱት፣ ሲጣሉበት አንዳቸውም አላዩትም። በምን ያዩታል? መስኮቱን እያዩ የሚከራከሩት በአፋቸው ነው።

ዝናቡ ሲያባራ «እንውጣ» አለኝ። መንገዱ እርጥብ ነው፣ ሰው የለበትም፣ ኩሬው ውስጥ ሰማዩ ተኝቷል። ክንዴን ይዞ ይራመዳል፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ አፌን ዘጋሁ። «ያ ኮሪደር» አለኝ ቆይቶ፣ «ልጅ ሆኜ እዚያ ውስጥ ስዞር ማንንም አላናገርኩም። የሚያምረኝም ለዚህ ነበር፤ ጸጥ ያለ ነው። እኔ ደስ ያለኝን ጸጥታ ለሰው ሁሉ ሠራሁለት። አስቢው፣ ስንት ሰው እዚያ ውስጥ ገብቶ መጣራት አቅቶታል።» አንተ ደግሞ፣ አይዞህ፣ ምን ሆነሃል ልለው ፈልጌ ነበር። ግን ያሰበውን እስኪጨርስ ጠበቅኩት። «አፈርሰዋለሁ» አለ። ያንን ኮሪደር ምን ያህል እንደሚወደው ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ቢሮ ውስጥ የሆነውን የነገረችኝ ሰዓሊዋ ናት፤ እሱማ ምን ያወራል። እናቴ የጻፈችውን ነገራቸው። አለቃው መጀመሪያ «ጊዜ የለንም፣ ዛፉን እንላከው» ሊል ሞከረ። ሰዓሊዋ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ታብሌቱን አቀበለችውና «እንካ፣ መስኮቱን ክፈትና ሳትናገር ተከራከረኝ» አለችው። ከፈተው። ቆየ። ዘጋው። ከዚያ ወዲያ ዛፍ ይሁን ጆሮ ብሎ የተከራከረ የለም።

የሠሩት እንዲህ ነው። መስኮቱ ከስክሪኑ የላይኛውን ግማሽ ብቻ ይዞ፣ መጻፊያው ከሥር ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ይቆያል። በየዕለቱ የሚፈለገውን ደግሞ ከጥልቁ አውጥተው ነገሩ ያለበት ቦታ ላይ አደረጉት፤ የድምፁን ምልክት በጣታችሁ ይዛችሁ ስትቆዩ የድምፁ ማስተካከያ ብቻ፣ ሦስት ትልልቅ ቁልፎች ሆኖ ይመጣል። የማይዘወተረው ሁሉ ለአለቃው ዛፍ ቀረለት። ሰዓሊዋ ቁልፎቹን አሳመረቻቸው። ከኮሪደሩ የተረፈ ነገር የለም። የንባብ ማዘግያ ይባል የነበረው ቁልፍ ላይም «ስጨርስ ተናገር» ብለው ጻፉበት። ገና ለሰው አልተላከም፤ ለሙከራ በእናቴ ታብሌት ላይ ብቻ ጫነው። እሁድ ጠዋት ነበር፤ በማግስቱ ተከራዩ ሊገባ።

ወንድሜ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። እንደ ልማዱ በሩን በርግዶ፣ ቁልፉን እያሽከረከረ። «እማዬ! ቸኩያለሁ፣ ስሜሽ ልውጣ። የተከራዩን ቁልፍ ነገ ጠዋት አስረክባለሁ፣ ሁሉ ነገር አልቋል።»

እናቴ የድምፁን ምልክት በጣቷ ያዘች። ሦስቱ ቁልፎች መጡ። አንዱን ነካች። ከዚያ መጻፍ ጀመረች።

«ምን ፈለግሽ?» አለ ወንድሜ። ታብሌቱ ዝም አለ። «ውሃ ነው?» ዝም። «አመመሽ እንዴ?» ዝም። ወደ እኔ ዞረ፤ «ተበላሽቷል?» አለኝ። አይ በሚል ራሴን ነቀነቅኩ። ቆሞ ጠበቀ፣ አላለቀም። ቁልፉን ማሽከርከር ተወ። ጎንበስ ብሎ ሊያነብ ሲል እናቴ ታብሌቱን ወደ ደረቷ አዞረችውና ወንበሩን በዓይኗ አሳየችው። ተቀመጠ። እናቴ ቤታችን ከገባች ጀምሮ ወንድሜ ተቀምጦ አያውቅም ነበር።

የጣቷ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ጠብ፣ ጠብ። መጋረጃው ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ይወርዳል። ብርሃኑ ከወለሉ ወደ ግድግዳው ወጣ። ወንድሜ ፊቱ ላይ የነበረው ጥድፊያ እየሟሟ ሄደ፤ እናቱን ዝም ብሎ ያያታል፤ እጇን፣ አንገቷ ላይ ያለውን ጠባሳ፣ የነጣውን ፀጉሯን። ሲያያት ልጅ መሰለኝ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ አፉን በእጁ ይዟል። እኔ ደግሞ በልቤ፣ ብትደመስሰውስ? ቢነሣስ? ኧረ በስመ አብ፣ ቶሎ በይ እማዬ!

ጣቷን አነሣች። አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከዚያ ነካችው፣ ታብሌቱም ሳያቋርጥ ተናገረ፦

«ልጄ፣ ቤቴን ለማንም አትስጥብኝ። ድኛለሁ። ድምፄን እንጂ እኔን አልቀበራችሁኝም። ነገ ቁልፉን ለእኔ ትሰጠኛለህ፣ የምትወስደኝም አንተ ነህ። ልብስ መስፋት በአፍ አይደለም። ስትመጣ ደግሞ እንደዛሬው ቁጭ በል፤ ቁጭ ስትል አባትህን ትመስላለህ። አሁን ጫማህን አውልቅ፣ የእህትህን ምንጣፍ ጭቃ አደረግኸው።»

ወንድሜ አፉን ከፈተ። አንድ ነገር ሊል ነበር፤ ጣሪያውን፣ ተከራዩን፣ ብቻዋን መሆኗን። ሁላችንም አየነው። ዘጋው። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ክሩን ማየት ስላቃተው ጣቱ ዙሪያውን ይዳስሳል። እናቴ ታብሌቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጠብቀዋለች። አንደኛውን ጫማ አወለቀና በእጁ እንደያዘ ቀና አለ።

«እሺ፣ እማዬ» አለ።